ባለ 56 እንቁላሉ ማሽን እና ገብስማዋ ዶሮዬ

አምና ታኅሣሥ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወርጄ መርካቶ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን በ9,500 ብር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ እንቁላል ሞልቼበታለሁ። በዚያው ጊዜ ውስጥ ገብስማ የምላት የሀበሻ ዶሮዬ አንድ ጊዜ ታቅፋ ፈልፍላለች። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ሁለት መፈልፈያዎች ነው፤ አንዱ ሶኬት ይፈልጋል፣ ሌላዋ ምንቃር አላት።

ሥራዬ ፋርማሲ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ጠዋትና ማታ አይቶ መፈረም የዕለት ልማዴ ነው። ማሽኑን ስገዛም ሙቀት ጠብቆ 21 ቀን መቁጠር ምን ይከብደኛል ብዬ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። እናቴ ምንም ካላለች ነገር አለ ማለት ነው።

ዕቃው ይህን ይመስላል። ከታች ቢጫ ፕላስቲክ፣ ከላይ ውስጡን የሚያሳይ ክዳን፣ ክዳኑ መሐል ላይ ማራገቢያና ማሞቂያ፣ ከፊቱ ደግሞ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ቀኑን በቀይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው። እንቁላሎቹ በተደረደሩ ዘንጎች መካከል ይተኛሉ፤ ትንሽ ሞተር በየሁለት ሰዓቱ ዘንጎቹን እየገፋ ያገላብጣቸዋል። ውኃ የሚጨመርበት ቀዳዳ ከውጭ ስለሆነ ክዳን መክፈት አያስፈልግም፤ ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። በ220 ቮልትም፣ በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራል። ሲሞቅ ከፍተኛው ፍጆታው 80 ዋት ነው። ማሞቂያው እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ በ21 ቀን ከቆጣሪዬ የወሰደው 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በመብራት ወጪ በኩል የሚያስፈራ ነገር የለውም።

መሰኪያው ግን ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ የእኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ሻጩ በነጻ የጨመረልኝ አዳፕተር በሁለተኛው ቀን ይግል ጀመር፣ በሦስተኛው ቀን ፕላስቲክ ሲቃጠል ሸተተኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ መሰኪያውን አስቆርጬ በክብ ጥርስ አስቀየርኩት። ማሽን የገዛ ሰው እንቁላል ከመግዛቱ በፊት ይህን ያስደርግ። ሦስት ሳምንት ሌሊትና ቀን የሚሠራ ዕቃ በላላ መሰኪያ ላይ አይታመንም።

የመጀመሪያው ዙር ጥር ላይ ነበር። 56 ቦታ ካለ 56 እንቁላል መሙላት አለብኝ የሚል ስስት ያዘኝና 30 የፈረንጅ እንቁላል ከሱቅ፣ 26 የሀበሻ ደግሞ ከገበያ ገዛሁ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ለምግብ የሚሆን እንቁላል የሚያመርቱ እርባታዎች አውራ ዶሮ አይቀላቅሉም። ዶሮዋ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን ዘር የለውም፣ ዓመት ቢሞቅም ጫጩት አይሆንም። ይህን እናቴ ታውቀው ነበር፤ አልጠየቅኋትም እንጂ።

በሰባተኛው ቀን ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ እያንዳንዱን እንቁላል ከማሽኑ ጋር በመጣችው ትንሽ መብራት አየሁ። ሠላሳዎቹ የሱቅ እንቁላሎች እንደተገዙበት ቀን ጥርት ብለው አሳለፉ። ከ26ቱ የሀበሻ እንቁላሎች በ18ቱ ውስጥ ግን እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ነበረ፤ መሐሉ ላይ ትርትር የምትል ነጥብ አለች። ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። "ይህ ልብ ነው?" አለኝ። ልብ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ማሽኑን ከእኔ እኩል ይጠብቀው ጀመር፤ ጥፋቱም ከዚያው መጣ።

በ18ኛው ቀን የማገላበጫውን ዘንጎች አውጥቶ እንቁላሎቹን ወለሉ ላይ ማስተኛት፣ ውኃ ጨምሮ እርጥበቱን ከ65 በመቶ በላይ ማድረግ፣ ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ጨርሶ አለመንካት ነው ሕጉ። በ20ኛው ቀን እኔ ሥራ ላይ እያለሁ እንግዶች መጡ። ባለቤቴ ሊያሳያቸው ክዳኑን አንሥቶ ቡና እስኪቀርብ ድረስ ከፍቶ አቆየው። ማታ ስመጣ እርጥበቱ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ቅርፊታቸውን መንቆር የጀመሩት ጫጩቶች የውስጡ ስስ ሽፋን ደርቆ እንደ ላስቲክ ተጣብቆባቸዋል። ከ18ቱ ሰባት ብቻ ወጡ፤ እነሱም በ22ኛውና በ23ኛው ቀን፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ።

በባለቤቴ ላይ ሁሉንም ልጭን ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የሁለት ቀን መዘግየት የክዳን ጥፋት አይደለም፤ ሙቀት ሲያንስ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከፋርማሲ ሦስት የትኩሳት መለኪያዎች አምጥቼ ማሽኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። የማሽኑ መስኮት 37.8 ሲል ሦስቱም 36.9 አሉ። ዘጠኝ ነጥብ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ማሽኑ ዋሽቶኝ እኔ ደግሞ ውሸቱን በደብተር ስመዘግብ ከርሜያለሁ። ማራገቢያ ላለው ማሽን የሚፈለገው ከ37.5 እስከ 37.8 ድረስ ስለሆነ ቁጥሩን በዘጠኝ ነጥብ ከፍ አድርጌ ሞላሁት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ቴርሞሜትር በፈላ ውኃ ይፈተናል የሚል ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል። እዚህ አይሠራም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፈላ ብሎ 100 ላይ የሚያስተካክል ሰው የዘጠኝ ዲግሪ ስሕተት ይዞ ይሄዳል። የትኩሳት መለኪያ ግን ከእንቁላሉ ጋር አንድ ዓይነት ሙቀት ለመለካት የተሠራ ነው፤ በየቤቱም አለ። ማሽን የሚሸጡ ሰዎች ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለገዢ ቢናገሩ ስንት ጫጩት በተረፈ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከእንቁላሉ የሚወጣው ውኃ ይበዛል፤ በጥር ወር ደግሞ አየሩ ራሱ እንደ ቆሎ ደርቋል። በመጀመሪያው ዙር በ18ኛው ቀን በመብራት ሳይ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ ሲሶውን አልፎ ነበር። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ለሁለተኛው ዙር ግራም የምትለይ ትንሽ ሚዛን ገዛሁ። እንቁላል ከመጀመሪያው እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከመቶ 12 ወይም 13 ያህል መቀነስ አለበት። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ናት፤ የእኔዎቹ በአማካይ 42 ግራም ነበሩ፤ ስለዚህ በ18ኛው ቀን ወደ 37 ግራም ዝቅ ማለት ነበረባቸው። የእርጥበት መለኪያው ቢዋሽ እንኳ ሚዛን አይዋሽም።

ሁለተኛው ዙር መጋቢት 3 ቀን ተጀመረ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። 55 ቀን እንቁላል ስለማይበላ በእኛ ሰፈር ዋጋው ይወርዳል፣ ዶሮ ያላቸው ቤቶችም ያጠራቀሙትን ለመሸጥ አያንገራግሩም። ግቢያቸው ውስጥ አውራው ሲዞር በዓይኔ እያየሁ ከአራት ቤት 38 እንቁላል ገዛሁ፤ ከሳምንት በላይ የቆየውን አልቀበልም አልኩ። ዘር ያለው እንቁላል ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው ካስቀመጡት እስከ ሰባት ቀን ደኅና ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል። አልታጠበም፣ በጭቃ የቆሸሸውንም አልገዛሁም። እኅቴ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት አሥር እንቁላል በአውቶቡስ ላከችልኝ። መንገድ የተንገላታ እንቁላል ወዲያው ማሽን ውስጥ አይገባም፤ አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ማረፍ አለበት። አሳረፍኩት።

ማሽኑ ለፈረንጅ እንቁላል መጠን እንደተሠራ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ለ42 ግራም እንቁላል ሰፊ ስለሆነ የሀበሻዎቹ ከመገላበጥ ይልቅ ይንሸራተታሉ፣ አንዳንዶቹም አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣሉ። የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ በየመስመሩ ጫፍ ሸጎጥኩና ቦታውን አጠበብኩት። ካርቶኑ በእርጥበት እየራሰ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ቢሆንም ሠርቷል።

በስድስተኛው ቀን ስመዝናቸው ከሚገባቸው በላይ እየቀለሉ ነበር። የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ ልድፈን ብዬ ተነሣሁ፤ እርጥበት ይይዛልና። ነገር ግን አየር በሳሳበት አገር ቀዳዳ መድፈን እያደገ ያለውን ፅንስ ማፈን ነው። በምትኩ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውኃ አርሼ ከዘንጎቹ ሥር አስገባሁ። በ18ኛው ቀን የሰፈሬ እንቁላሎች 37 ግራም አካባቢ አረፉ። የሸዋ ሮቢቶቹ ግን ስፖንጁም አላዳናቸውም፤ ከ43 ተነሥተው ከ36 በታች ወርደዋል። የቆላ ዶሮ እንቁላል ቅርፊቱ ለቆላ አየር የተበጀ ነው፤ ደጋ ሲወጣ ውኃው ያመልጠዋል።

በ12ኛው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ያኔ ባትሪ አልነበረኝም። ማሽኑን በባለቤቴ ጋቢ ጠቀለልኩ፤ የአየር ቀዳዳውን ብቻ ተውኩ። ከሰል ላይ ውኃ አሙቄ በሃይላንድ ጠርሙሶች ሞልቼ በዙሪያው አቆምኩ፤ ሲቀዘቅዙ እየቀየርኩ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አደርኩ። የውስጡ ሙቀት ከ31 በታች አልወረደም። ጠዋት በመብራት ሳይ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። ፅንስ እንደምንፈራው አይደለም፤ ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝን ይችላል። የሚገድለው ሙቀት ሲበዛ ነው፤ 40 ዲግሪ አልፎ ቢቆይ ለቅሶ ነው። እኔ ግን እንደገና እንደዚያ ማደር አልችልም ብዬ በማግስቱ የ12 ቮልት ባትሪ ገዛሁ። በደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ስድስት ሰዓት ያህል ይዞልኛል። ዋጋው ግን ከማሽኑ ግማሽ ይበልጣል፤ ሻጩ "በባትሪም ይሠራል" ሲል የዚህን ሒሳብ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ውጤቱ፦ ከሰፈሬ 38 እንቁላሎች 34ቱ ዘር ነበራቸው፣ 27ቱ ተፈለፈሉ። ከሸዋ ሮቢቶቹ ስምንቱ ዘር ነበራቸው፣ የወጡት ሦስት ናቸው። ለእኅቴ ሦስት መሆናቸውን ስነግራት አሥሩንም የሰረቅኳት ያህል ተቆጣች። ባለቤቴ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ሳሎን እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ በ21ኛው ቀን ንጋት ላይ ጫጫታውን ሰምቶ ከበሩ ውጭ ሆኖ "ስንት ደረሱ?" እያለ ይጠይቃል። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የአስኳሉን ቅሪት ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚወጣ ሁለት ቀን ያህል ሳይበላ ይቆያል። ስለዚህ ርቦታል ብሎ መጣደፍ አያስፈልግም፤ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ደርቆ ለስላሳ እስኪሆን መተው ነው።

አሁን ወደ ገብስማዋ። የመጋቢት መጨረሻ ላይ የማገዶ ክፍሉ ጥግ ተቀምጣ አልነሣም አለች። ስጠጋት ላባዋን ትነፋለች፣ ቁርር ቁርር ትላለች፤ የሆዷን ላባ ነቅላ ቆዳዋን አራቁታለች፤ ቀጥታ ከቆዳዋ ወደ እንቁላሉ ሙቀት እንድታሳልፍ ነው። ታች ቤት ያሉት እማማ አይተው "እንቁላል አቆመችብሽ፤ ላባ በአፍንጫዋ አሳልፊላት፣ ትተወዋለች" አሉኝ። ውኃ መንከርም፣ ቁልቁል ማንጠልጠልም አለ። ለእሳቸው የእንቁላል ነገር ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ለእናቴ ደወልኩ፤ በማግስቱ መጣች።

እናቴ ማሽኑን፣ ባትሪውን፣ ሚዛኑንና ሦስቱን የትኩሳት መለኪያዎች ተራ በተራ አየቻቸው። "ይህን ሁሉ ከምትገዢ ሌላ ሁለት ዶሮ አትገዢም ነበር?" አለች። ከዚያ ሥራ ጀመረች። የተሰበረ ገንቦ ታችኛውን ክፍል ፈልጋ አመድ ነሰነሰችበት፣ ለቅማል ነው፤ በላዩ የገብስ ገለባ ጎዘጎዘች። በገለባው ሥር አንድ ከሰልና አንድ ሚስማር አኖረች፤ መብረቅ እንቁላሉን እንዳያበላሸው። ምንም አላልኩም። እንቁላሉ 13 ይሁን አለች፤ ጎዶሎ መሆን አለበት። ሲመሽ ዶሮዋን አንሥታ በጨለማ አዲሱ ቦታ ላይ አስቀመጠቻት፤ ጠዋት እንደ አሮጌ ቤቷ ተደላድላበት ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያችው ምሽት፣ መጋቢት 30፣ ማሽኑን በበረኪና አጥቤ አድርቄ 30 እንቁላል ሞላሁ። ሁለቱ እኩል እንዲጀምሩ ነበር ፍላጎቴ።

ስለ ገብስማ አሠራር የምለው ብዙ የለኝም፤ ምክንያቱም ምንም ሥራ አልሰጠችኝም። በቀን አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ትነሣለች፤ ገብስ ትበላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ አመድ ውስጥ ትንከባለላለች፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በምንቃሯ እየሳበች ከዳር ወደ መሐል ታገላብጣለች። መብራት ሦስት ጊዜ ሲጠፋ አላወቀችም። ሙቀቷን ልለካ የትኩሳት መለኪያ ከሥሯ ላስገባ ስሞክር እጄን እስኪደማ ነቆረችኝ፤ እናቴ ደስ ብሏት ሳቀች። ሌላ ጊዜ አልሞከርኩም። ሚያዝያ 21 ቀን ከ13ቱ 11 ጫጩት አወጣች። በእኔ ማሽን ከ30ው 26ቱ ዘር ነበራቸው፣ 21ዱ ወጡ። ዘር ያላቸውን ብቻ ቆጥሬ ከመቶ 81 ብል የሚያኮራ ቁጥር ነው፤ እናቴ ግን ሠላሳ ሰጥተሽ ስንት ወሰድሽ ብላ ነው የምትቆጥረው።

የዶሮዋ ችግር ሌላ ነው። እንደ ማሽን አትታዘዝም፤ መታቀፍ የምትፈልገው ራሷ ስትፈልግ ነው። ከ13 በላይ ብትሰጣት በክንፏ አይሸፈንም። ለ21 ቀን ስትታቀፍ፣ ከዚያም ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ስትመራ እንቁላል አትጥልም፤ የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትጥልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የፈረንጅ ዝርያዎቹ መታቀፍን ከነጭራሹ እንዲተዉ ተደርገው የተመረጡ ስለሆኑ ቦቫንስ ታቅፋ ትፈለፍልልኛለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ ቢተወው ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ክፍል የመጣው ማሽኑም ዶሮዋም በፈለፈሉባት ሌሊት ነው። ጫጩት ማስፈልፈል ከሥራው ግማሹ ነው፤ ከባዱ ማሳደጉ ነው። ከሁለተኛው ዙር የወጡትን 30 ጫጩቶች በካርቶን ውስጥ በአምፖል ሙቀት ሳሳድግ የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ቆጣቢ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም፤ የድሮውን የሚያሞቅ አምፖል ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። አንድ ሌሊት አምፖሉ ተቃጠለና እርስ በርስ ተደራርበው አራቱ ታፍነው ሞቱ። ከሰል አስገባ የሚል ሰውም ነበረ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ጫጩቱንም ሰውየውንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ሚያዝያ 21 ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ከማሽኑ ዘጠኝ ጫጩቶች በሻርፕ ይዤ ማገዶ ክፍል ገባሁ። የእጅ ባትሪ አላበራሁም። እናቴ እጄን እየመራች አንድ በአንድ ከገብስማ ክንፍ ሥር ሸጎጥናቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኛ በራሷ ዘር ነው ያታለልናት። ቁርር አለች፣ ክንፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ጠዋት 20 ጫጩት አስከትላ ስትወጣ ቆጠራ እንደማታውቅ አረጋገጥኩ። አንዱን ነጭ ጫጩት ብቻ ደጋግማ ነቆረችው፤ እሱን መልሼ ወደ ካርቶን ወሰድኩት። የራሷ ልጆች ሁሉ ጠቆር ያሉ ስለነበሩ ቀለሙን ለይታው ይሆናል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሌሊት፣ ጫጩቶቹ ገና የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሳሉ፣ እሷም ገና እያስፈለፈለች ሳለ ብቻ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ሁለት ልጨምርላት ብሞክር አባረረቻቸው።

ሁለት ወር ሲሞላ ከገብስማ 19 ጫጩቶች 15ቱ በሕይወት አሉ። ሁለቱን ጭልፊት ወሰደ፤ ሁለቱን ሌሊት የገባ ሽለምጥማጥ። ካርቶን ውስጥ ከቀሩት 13 የተረፉት ስምንት ናቸው፤ ያውም የማንንም ሰዓት ሳልቆጥር ሌሊት እየተነሣሁ። የዶሮዋ ጫጩቶች ጥሬ ለቅመው፣ ትል ጭረው፣ ጭልፊት ሲመጣ ሣር ውስጥ መደበቅን ከእሷ ተምረዋል። የካርቶኖቹ ጭልፊት ሲያዩ ቀና ብለው ያዩታል።

ክትባትን በሚመለከት፣ ይህ ሙያዬን ስለሚነካ፣ ዝም ብዬ አላልፍም። ቤት የተፈለፈለ ጫጩት እንደ ፋብሪካው የአንድ ቀን ጫጩት ተከትቦ አይመጣም። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ መንደሩን ጠርጎ ነው የሚሄደው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም ይመረታል፤ ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ከተከፈተ በኋላም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። እኛ አምስት ጎረቤቶች ቀን ቆርጠን፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርተን ብልቃጡን እንካፈላለን። በረዶ ውስጥ ሳይሆን በኪሱ ይዞ የመጣ ሰው ካለ አታስከትቡ።

አሁን ሱቁን ልገምግም። በሦስተኛው ዙር በዘጠነኛው ቀን የማገላበጫው ሞተር ቆመ። ደረሰኙ ላይ "የአንድ ዓመት ዋስትና" ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ስደውል ዋስትናው ለማሞቂያው ብቻ ነው አሉኝ። የት ተጽፏል ስል "ሁሉም ሰው ያውቀዋል" ተባልኩ። እስከ 18ኛው ቀን ድረስ በቀን አምስት ጊዜ በእጄ አገላበጥኩ። በአንዱ ጎን ኤክስ፣ በሌላው ክብ በእርሳስ ምልክት አድርጌ፤ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ሁልጊዜ ረጅሙን ሌሊት በአንድ ጎኑ አይተኛም። እናቴ ጎዶሎ የሚለውን ስትሰማ አየችኝ። ሞተሩን እዚሁ ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ በ600 ብር ቀየረልኝ፤ አዲሱ ከፋብሪካው ይሻላል፣ ድምፁም ያነሰ ነው።

ልግዛው ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ እንደ ሰውየው ነው። አንድ ሁለት ታቃፊ ዶሮ ካለው፣ ለቤቱ ፍጆታ ከሆነ፣ አይግዛ፤ ገንዘቡን ለዶሮ ቤት መዝጊያና ለክትባት ያውለው። ለበዓል ገበያ አርባ ሃምሳ በአንድ ጊዜ ለማድረስ የሚፈልግ፣ መብራት የሚቆይበት ሰፈር ያለ፣ ወይም ባትሪ ለመጨመር አቅም ያለው ይግዛ። የሒሳቡን ሙሉ ዋጋ ግን ይወቅ፦ ማሽኑ፣ ባትሪው፣ መሰኪያው፣ ሚዛኑ። ከሚፈለፈሉት ግማሹ አውራ እንደሚሆኑም ያስብ፤ ለእኔ ይህ ጉዳት አይደለም፣ ለእንቁጣጣሽ ያልደረሱት ለገና ይደርሳሉ። ማሽኑ በራሱ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። አንዱን ነጥብ የወሰድኩበት በዋሸው ቴርሞሜትር ነው፣ ሌላውን በሞተሩ። ሱቁ አንድም አያገኝም።

ገብስማዋ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ እንደገና ማገዶ ክፍል ጥግ ተቀምጣለች። እናቴ ስንት እንቁላል ላምጣ ብላ ደውላ ነበር፤ 43 አልኳት። "ሠላሳው ለማን ነው?" አለች። ሳሎን ያለው ማሽን ከትናንት ማታ ጀምሮ ባዶውን እየሞቀ ነው፤ የትኩሳት መለኪያው 37.6 ይላል።